አባይ በረሃ ላይ የደከመው ካምቢዮ፦ ልሽጠው ወይስ ላሠራው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት ከዱባይ የገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራ፣ ባለ 2.0 ሊትር ቤንዚን ሞተር አነስተኛ ክሮስኦቨር ገዛሁ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፤ ቆጣሪው 96 ሺህ ኪሎ ሜትር ያነባል። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ስንመለስ፣ አምስት ሰው ከነዕቃችን፣ የአባይን በረሃ ወጥተን ደጀን ልንደርስ ስንል ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ አለ፤ ፍጥነቱ ወደ 30 ወረደ። አጥፍተነው አርባ ደቂቃ ካረፍን በኋላ ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ቤት አደረሰን። አሁን ግን ከተማ ውስጥ ከ20 እስከ 50 ባለው ፍጥነት ይንቀጠቀጣል። አንድ ጋራዥ ካንዴላ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው የካምቢዮ ዘይት ጎድሏል ብሎ አንድ ሊትር ቀይ ዘይት ጨመረ። ሦስተኛው ካምቢዮው አልቋል፣ ያገለገለ ይገባለት ወይም ወደ ማኑዋል ይቀየር አለኝ፤ የጠየቀኝ የመኪናውን ዋጋ ሲሶ ነው። ወዳጆቼ የሐይቁ እርጥበት ኮምፒውተሩን በልቶት ነው ይላሉ። የሌሎች ባለቤቶችን ምስክርነት ሳነብ ግማሹ መኪናውን ይረግማል፣ ግማሹ ያመሰግናል። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ካስቀየርኩ ወዲህ ደግሞ የአራት ጎማ መንጃው መብራት ብልጭ ይላል። ልሽጠው ወይስ ላሠራው? ለጥምቀትስ ጎንደር ልሂድበት?»

አይሽጡት። ካምቢዮውንም ገና አያስፈቱ። ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት ግን ከሦስቱ ጋራዦች አንዱም መመርመሪያ ኮምፒውተር ሰክቶ የካምቢዮውን ዘይት ሙቀትና ግፊት እንዳነበበ አልጻፉም። ሳይለኩ «አልቋል» ማለት ፍርድ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ከጻፉት የምረዳው ካምቢዮው ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሜዳ ላይ ነዳጅ እየሰጡ ሲሄዱ ማርሽ ሲቀየር የሚሰማው መቆራረጥ ከሌለ፣ የሞተሩ ዙር አንድ ቦታ ቆሞ ፍጥነቱ ብቻ እየጨመረ ከሄደ ሲቪቲ ነው። ባለ ማርሽ አውቶማቲክ ወይም ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ከሆነ ከዚህ በታች ከምለው ግማሹ ለእርስዎ አይሆንም፤ ስለዚህ ይህን መጀመሪያ ያጣሩ።

ሲቪቲ ውስጥ የሚቀያየሩ ማርሾች የሉም። ሁለት መዘውሮች አሉ፤ ጎናቸው እንደ ሾጣጣ የተቆረጠ ነው፤ እየጠበቡና እየሰፉ በመካከላቸው የብረት ቀበቶ ይዘው ይሽከረከራሉ። ቀበቶው ወደ 400 ከሚጠጉ ስስ የብረት ቁርጥራጮች የተሰካካ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ዳፍ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 በላስቲክ ቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ ያለው መኪና ለሕዝብ አሳይቷል፤ ስኩተሮችም እስከ ዛሬ የሚሄዱት በዚሁ ዘዴ ነው። ልዩነቱ የእርስዎ ብረት በብረት ላይ መሆኑ ነው። ብረት ብረትን ሳይንሸራተት የሚይዘው በሁለት ነገር ነው፦ መዘውሮቹን በሚጨምቀው የዘይት ግፊት፣ እና ዘይቱ ራሱ ባለው የመያዝ ጠባይ። ስለዚህ የሲቪቲ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ የሥራው አካል ነው። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ግፊቱ ሲወርድ ቀበቶው መንሸራተት ይጀምራል፤ መንሸራተቱ ደግሞ ሌላ ሙቀት ይወልዳል። ኮምፒውተሩ ይህን አዙሪት ለመስበር የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል። ደጀን አጠገብ ያጋጠመዎት ይኸው ነው። መኪናው አልተበላሸም፤ ራሱን ከመበላሸት አዳነ። አርባ ደቂቃ አርፎ ደህና የሆነውም ስለበረደ ነው። ሙሉ በሙሉ ያለቀ ካምቢዮ አርፎ አይድንም።

ለምን እዚያ ቦታ ላይ? ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ታች ያለው አየር ይጋረፋል። ዳገቱ ላይ ከፊትዎ የተጫነ ሲኖትራክ ካለ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየተከተሉ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ካምቢዮው ከፍተኛውን ሥራ በሚሠራበት ሰዓት ራዲያተሩ የሚያገኘው ንፋስ ከሁሉም ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ከፍታ አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ቆሞ እንኳን ከኃይሉ ስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ወደ ደጀን ከፍታ ሲደርስ ወደ ሩብ ይጠጋል። አሽከርካሪው የጎደለውን ለማካካስ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል። አምስት ሰው፣ ምናልባትም ሁለት ጆንያ ጤፍና የቤት ዕቃ (ዝርዝሩን አልጻፉልኝም፤ ግን ከአዲስ አበባ ባዶውን የሚመለስ መኪና አላየሁም) ሲጨመር መልሱ ግልጽ ነው። በውጭ መልኩ ከፍ ብሎ ስለቆመ ክሮስኦቨርን የመስክ መኪና አድርገው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። አይደለም። ከፍ ተደርጎ የተሠራ የቤት መኪና ነው፤ ማቀዝቀዣውም የተሰላው ለቤት መኪና ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ። የብዙ አምራቾች መመሪያ የካምቢዮው ዘይት «ለዕድሜ ልክ» ነው ይላል፤ ወይም ስለ መቀየር ዝም ይላል። የማን ዕድሜ? ብለው ይጠይቁ። መጽሐፉን የጻፈው ኩባንያ የሚያስበው ስለ ዋስትናው ዘመን ነው፤ እርስዎ ደግሞ መኪናውን የገዙት ያ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። በብዙ መመሪያዎች ውስጥ ለተራራ፣ ለአቧራና ለሙቀት አገር «ከባድ አጠቃቀም» የሚል የተለየ ክፍል አለ፤ እኛ የምንኖረው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ እዚህ አካባቢ ለሚነዳ ሲቪቲ በየ40 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየር እላለሁ። የእርስዎ መኪና ዘይት ምናልባት ከፋብሪካ የወጣው ነው። ቆጣሪው የሚለውን 96 ሺህም እንደ እውነት አይውሰዱት፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ፣ የመሪው ቆዳና የአሽከርካሪው ወንበር ጠርዝ ከቆጣሪው ይልቅ ይታመናሉ።

ሁለተኛው ጋራዥ የጨመረው ቀይ ዘይት ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ባለ ማርሽ አውቶማቲክ የሚጠቀምበት ተራ ዘይት ከሆነ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ለፍሪሲዮን ሸራዎች እንጂ ለብረት ቀበቶ አልተሠራም። በቀለም ግን አይፍረዱ፤ ቀይ የሆኑ የሲቪቲ ዘይቶችም አሉ። የሚፈርደው ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የመለያ ስም ከመኪናዎ መመሪያ ጋር መመሳሰሉ ነው። ለምሳሌ ኒሳን ለአንዳንዶቹ ካምቢዮዎቹ ኤንኤስ-2፣ ለሌሎቹ ኤንኤስ-3 የሚባል ዘይት ያዛል፤ የአንድ ፋብሪካ ሆነው እንኳን መለያቸው ይለያያል። «ለሁሉም ሲቪቲ» የሚል ዘይት የእርስዎን መለያ በስም ጠቅሶ ካልዘረዘረ አይግዙት።

መንቀጥቀጡ ሁለት ምንጭ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ፈሳሽ ማያያዣ ውስጥ ያለችው መቆለፊያ ፍሪሲዮን ናት፤ ዘይቱ ሲያረጅ ወይም ሲደባለቅ በዝቅተኛ ፍጥነት ትንቀጠቀጣለች። ይህ በትክክለኛ ዘይት ብዙ ጊዜ ይድናል። ሁለተኛው ቀበቶውና መዘውሮቹ መጫጫራቸው ነው። ይህን ዘይት አያድነውም፤ የተጫጫረ ብረት መልሶ አይለሰልስም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው የዘይት መያዣው ገንዳ ሲወርድ ነው። ገንዳው ውስጥ ትንንሽ ማግኔቶች አሉ። በላያቸው የተከማቸው ጥቁር፣ እንደ ጭቃ ለስላሳ ነገር ከሆነ የተለመደ እርጅና ነው። በጣት ሲነኩት የሚቆረቁር፣ የሚያብለጨልጭ ስንጥር ከሆነ ቀበቶው እየተበላ ነው። ይህን ማየት ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ የሚያስከፍለውም ከተጠየቁት ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሌላ ጥርጣሬም አስቀድመው ያስወግዱ፦ መንቀጥቀጡ መኪናው ቆሞ በነጻ ማርሽ ሲሠራም ካለ ጉዳዩ ከሞተሩ ነው። በነዳጅ እጥረት ሰሞን በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ብዙ ካንዴላ በከንቱ አስቀይሯል።

እርጥበቱን በተመለከተ ወዳጆችዎ ሐይቁን ያለጥፋቱ ከሰውታል። ጣና ጨዋማ አይደለም። ብረት የሚበላው የባሕር ዳርቻ አየር ከቀይ ባሕርና ከባሕረ ሰላጤው ወገን የሚመጡ መኪናዎች ይዘውት የሚገቡት ጣጣ ነው፤ የእርስዎም ከሆዱ ሥር ቢታይ አይከፋም። ሐይቁ መኪናን የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው፤ ባለቤቱ ሲያስገባው። እስከ ጎማው እምብርት ውኃ ውስጥ ነድቶ የሚያጥብ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። የጋለ ካምቢዮና የኋላ ዲፈረንሻል በድንገት ሲቀዘቅዙ በመተንፈሻቸው በኩል ውኃ ይስባሉ፤ የጎማ ኩሽኔታዎችም ቅባታቸውን ያጣሉ። የወጣው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ከሐይቁ ወይም ከራዲያተሩ።

ከሐይቁ ዳር የሚነሳው ትንኝና የክረምት ማግስት አቧራ ግን በእርግጥ ተጠያቂ ናቸው። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ የሚመስል ራዲያተር ከአየር ማቀዝቀዣው ማስተላለፊያ ጋር በተጋጠመበት ስስ ክፍተት ውስጥ እንደ ብርድ ልብስ የተጋገረ ቆሻሻ ይይዛል። ይህን የሚያገኘው ሁለቱን ለያይቶ የሚያይ ሠራተኛ ብቻ ነው። የሚታጠበውም ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ፣ በቀላል ግፊት ነው፤ በከባድ የውኃ ግፊት ከፊት ሲመቱት ስስ ክንፎቹ ተኝተው መተንፈሻው ይደፈናል። በኔ ልምድ «ካምቢዮው አልቋል» ተብለው ከመጡልኝ መካከል በዚህ እጥበትና በዘይት ቅያሪ ብቻ የተመለሱ አሉ። ያልተመለሱም አሉ፤ ተስፋ አልሸጥልዎትም።

ስለ ባለቤቶች ምስክርነት ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ አነባበቡ ግን መታረም አለበት። የሚረግመውም የሚያመሰግነውም እውነቱን ነው የሚናገረው፤ የማይነግሩን የት፣ ምን ጭነው፣ በምን ዘይት እንደነዱ ነው። አንድ ዓመት የተሠሩ፣ በቀለም ብቻ የሚለያዩ ሁለት መኪናዎች አውቃለሁ። የአንዱ ባለቤት ከቤቱ እስከ ፔዳ ግቢ የሚመላለስ መምህር ነው፤ መኪናው የሚያየው ሜዳ ብቻ ነው፤ ካምቢዮውን ነክቶት አያውቅም፤ ያመሰግናል። ሌላው ነጋዴ ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ ቁልቁለቱን ነዳጅ ለመቆጠብ በነጻ ማርሽ ይለቅቀዋል፤ በሦስተኛው ዓመት ካምቢዮ ገዛ፤ ይረግማል። ሁለቱም ስለ አንድ መኪና ነው የጻፉት። ይህ ማለት ግን አምራቾች ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ገበያ ከ2003 እስከ 2010 ለተሠሩ ባለ ሲቪቲ መኪናዎቹ የካምቢዮውን ዋስትና ከ5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ወደ 10 ዓመት ወይም 120 ሺህ ማይል አራዝሟል። ችግር ባይኖር ዋስትና አይራዘምም። ያ ዋስትና ግን መኪናውን ተከትሎ መርከብ አይሳፈርም፤ ስለዚህ የውጭ አገር ባለቤት «በነጻ ቀየሩልኝ» ሲል በእርስዎ ኪስ አይተርጉሙት። የመኪናዎን ስም ያልጠቀስኩትም ሆን ብዬ ነው፤ ከጃፓንም ከሌላ አገርም የመጣ ባለ ሲቪቲ ክሮስኦቨር ሁሉ በዚህ ዳገት ላይ አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናል።

ወደ ማኑዋል መቀየሩን ይርሱት። የሞተሩ፣ የፍሬኑና የአራት ጎማ መንጃው ኮምፒውተሮች ከካምቢዮው ጋር ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሲጠፋባቸው ሌሎቹ ያብዳሉ። ሠርተው ቢሰጡዎትም የሚገዛዎት የለም። ያገለገለ ካምቢዮ ደግሞ ታሪኩ ያልታወቀ ካምቢዮ ነው፤ የእርስዎ የደረሰበት ላይ ቀድሞ ደርሶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሲቪቲ የራሱ የማስተካከያ መረጃ አለው፤ ያ መረጃ በኮምፒውተር ካልተጻፈለት አዲሱም ይንቀጠቀጣል። ይህን መጻፍ የማይችል ጋራዥ ካምቢዮ አይቀይርልዎ።

መሸጥስ? ከጥር 2016 ዓ.ም. በፊት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሽጡትና ሌላ ፈልጉ እልዎት ነበር። በዚያ ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ፤ በሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። ይህን ሽጠው የሚተኩበት መኪና ከዚህ ያረጀ ይሆናል። ችግሩን ደብቆ መሸጥ ደግሞ ነውር ብቻ አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭን ለተሰወረ ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። መጀመሪያ በመመርመሪያ ኮምፒውተር የተመዘገቡትን ኮዶች ያስነብቡና በጽሑፍ ይያዙ፤ ፒ 0218 ከተገኘ የካምቢዮ ሙቀት፣ ፒ 0868 ከተገኘ የግፊት ማነስ ነው። ኮዱን ሳይጽፉ እንዳያስጠፉት፤ ማስረጃዎ እሱ ነው። ቀጥሎ ገንዳው ይውረድ፣ ማግኔቶቹ ይታዩ፣ ፊልትሮው ይቀየር፣ በትክክለኛው ዘይት ይሞላ። አንድ ጊዜ ሲራገፍ የሚወጣው ከጠቅላላው ሰባትና ስምንት ሊትር ውስጥ ግማሹ ገደማ ስለሆነ፣ የተጨመረው ቀይ ዘይት እንዲጠፋ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ነድተው ይድገሙት። በማሽን ግፊት እናጥበዋለን የሚልዎትን አይስሙ፤ ቆሻሻውን ወደ ቀጭን መተላለፊያዎች ይገፋዋል። የዘይቱ ልክ የሚለካው አምራቹ ባዘዘው ሙቀት ላይ ነው፤ መብዛቱም እንደ ማነሱ ይጎዳል፤ አረፋ ይሠራል። ከዚያ ራዲያተሩ ይለያይና ይታጠብ። አዲስ አበባ የሚመላለሱ ከሆነ ከፊት የሚገጠም ተጨማሪ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ያስገጥሙ፤ በዚህ መኪና ላይ ከሚያወጡት ገንዘብ ሁሉ የሚቆጨዎት እሱ አይሆንም።

ማግኔቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ስንጥር ከተገኘ ግን ይቁሙ። ዘይቱን ይሙሉበት፣ ከከተማ አያውጡት፣ መረጃ መጻፍ ከሚችል ሠራተኛ ጋር ስለ ካምቢዮ መለወጥ ያኔ ይነጋገሩ።

በረሃው ላይ ዳግመኛ ቢያጋጥምዎ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ። ጥግ ይዘው «ፒ» ላይ ያድርጉትና ኮፈኑን ከፍተው በዝግታ ይሥራ፤ ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። የሞተሩ የራሱ ሙቀት መለኪያ ቀዩን ከነካ ብቻ ያጥፉ። ጎማው መሬት እየነካ በገመድ እንዳይጎተት፤ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ደህናውን ካምቢዮ ይጨርሱታል። ዳገት ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ሲቆሙ መኪናውን በነዳጅ አይያዙት፣ በፍሬን ይያዙት። ቁልቁለቱን መምረጫው ላይ ባለው ዝቅተኛ ቦታ («ኤል» ካለው) እንጂ በነጻ አይውረዱ።

ብልጭ የሚለው መብራት ሌላ ጉዳይ ነው፤ መንስኤውም ያስቀየሯቸው ሁለት ጎማዎች ይመስሉኛል። አዲሶቹ ጎማዎች ካረጁት በዙሪያቸው ይበልጣሉ፤ ኮምፒውተሩ የፊትና የኋላ ጎማዎች የተለያየ ዙር ሲዞሩ ያያል፣ አንዱ እየተንሸራተተ ነው ብሎ የኋላውን ማያያዣ ያለማቋረጥ ያሠራዋል፤ እሱም ይግላል። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በዚያው ዓይነትና መጠን ያስቀይሩ። እስከዚያ መቀየሪያው ካለ በሁለት ጎማ መንጃ ብቻ ይንዱ።

ለጥምቀት ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፎገራ ሜዳ እስከ ወረታ አያስቸግርም፤ ዳገቱ ከአዲስ ዘመን ወዲያ ነው፤ ከአባይ በረሃ ጋር ግን አይነጻጸርም። ዘይቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ፣ ማግኔቱ ንጹሕ ሆኖ፣ መንቀጥቀጡ ከጠፋ ይሂዱ። አራት ሰው ይሁኑ፣ ዕቃውን በአውቶቡስ ይላኩ። በስልክ የሚነበብ አነስተኛ መመርመሪያ ሰክተው የካምቢዮውን ሙቀት አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ይከታተል፤ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ደህና ነው፣ 110 ሲደርስ ነዳጁን ያለዝቡ፣ 120 ሳይሞላ ጥግ ይያዙ። መንቀጥቀጡ ካልጠፋ ግን ዘንድሮ በሚኒባስ ይሂዱ።